ውኃው ለምን ፈጠነ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ እትም የምናነሳው ሐሳብ ከራሳችን ጥፋት ይጀምራል። ስም አንጠራም፤ ባለጉዳዩ ወንድማችን ግን ነገሩ እንዲጻፍ ፈቅዶልናል።

ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያው ሲቃረብ፣ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወንድማችን ከዓስር ሶላት በኋላ ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ጥናት ቡድናችን መጣ። ፕሮጀክቱ የውኃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ዘጠኝ መቶ ያህል ሞለኪውሎችን በአንድ ምናባዊ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጎ፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ሲከታተል ከርሟል። መብራት በጠፋ ቁጥር ስሌቱን ከቆመበት እያስቀጠለ ለሁለት ሳምንት ሠርቷል። የላፕቶፑ ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የዶርም ጓደኞቹ በሶብር አልፈውታል።

ችግሩ አንድ ቁጥር ነበር። ሳይንቲስቶች ዲፊውዥን የሚሉት፣ ሞለኪውሎች በውኃው ውስጥ እየተንከራተቱ ከቦታቸው የሚርቁበት ፍጥነት አለ። በእውነተኛ ውኃ ላይ በ25 ዲግሪ ሲለካ 2.3 × 10⁻⁵ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ነው። የወንድማችን ላፕቶፕ ያወጣው ግን 5.5 አካባቢ ነበር። የእርሱ ውኃ ከእውነተኛው ውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሮጣል ማለት ነው።

እኛም ሲኒየሮች ነንና መከርነው። መለኪያዎቹን አይ አልነው፤ አየ። እንደገና አስላው አልነው፤ ሦስት ጊዜ አሰላው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ለዲፌንስ አምስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ምክር ሰጠነው፦ «ይህን ግራፍ አውጣው። ሌሎቹ ያምራሉ፤ ይህ ግን ጥያቄ ያመጣብሃል።» አወጣው። ዲፌንሱም አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ ጥሩ ውጤት አገኘ፤ ተመርቆም ሄደ።

ከወራት በኋላ ከመካከላችን አንዷ እህት ለማስተርስ ጥናቷ ስታነብ ያንኑ ቁጥር አገኘችው። ወንድማችን የተጠቀመበት ሞዴል ውኃን ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚያፈጥን በሙያው ውስጥ ያሉ ሁሉ የሚያውቁት፣ በየጥናቱ ተደጋግሞ የተጻፈ ነገር ነው። የልጁ ስሌት ልክ ነበር። ግድፈቱ ሞዴሉ ጋ ነበር፤ ልጁም ያንን ግድፈት ማንም ሳይነግረው በገዛ ላፕቶፑ አግኝቶታል። እኛ ደግሞ ከጥናቱ ሁሉ የተሻለውን ገጽ አስጣልነው።

ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው። መልሱ አጭር ነበር፦ «ያኔም ጠርጥሬ ነበር እኮ። እናንተ ስላላችሁ ነው የተውኩት።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ መልስ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ዓመት በኮምፒውተር ስሌት ላይ የተመሠረተ ፕሮጀክት ይዘናል፤ ሌሎችም ወደዚያው እየመጡ ነው። ስለዚህ አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጥ፦ በውስጡ ምን እንዳለ የማናውቀውን ሞዴል አናስኬድ፤ የሞዴሉንም ግድፈት ስናገኝ አንደብቅ። ምክንያታችንን በራሱ በውኃው እናስረዳለን።

ውኃ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ይገባል?

ለዉዱእ በእፍኛችን ከምንይዘው ውኃ 18 ግራም ብቻ ብንወስድ፣ በውስጡ 6 × 10²³ ያህል ሞለኪውሎች አሉ። ስድስት ተጽፎ ሃያ ሦስት ዜሮ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚከታተል ኮምፒውተር በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ሞለኪውሎች ተወስደው በትንሽ ሳጥን ይቀመጣሉ። ሳጥኑ ግድግዳ የለውም፤ በቀኝ በኩል የወጣ ሞለኪውል በዚያው ቅጽበት በግራ በኩል ይገባል። በዚህ ዘዴ ጥቂቱ ሞለኪውል ራሱን በብዙ ውኃ መካከል እንዳለ አድርጎ ያገኘዋል።

ቀጥሎ ሞለኪውሉን ለኮምፒውተሩ መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ የኦክስጅንና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች እንዳሉት ከዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እናውቃለን። ሞዴል ሠሪው ግን ከዚህ በላይ መወሰን አለበት። በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ከኦክስጅኑ ጋር የሚሠሩት ማዕዘን ስንት ዲግሪ ነው? በእያንዳንዱ አቶም ላይ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይቀመጣል? ሁለት ሞለኪውሎች ሲቀራረቡ እስከ የት ይሳሳባሉ፤ ከየት ጀምሮስ ይገፋፋሉ?

ወንድማችን የተጠቀመበትና ቲፕ3ፒ የሚባለው ሞዴል ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ማዕዘኑ 104.52 ዲግሪ ነው። በኦክስጅኑ ላይ −0.834፣ በእያንዳንዱ ሃይድሮጅን ላይ +0.417 የኤሌክትሮን ቻርጅ ያስቀምጣል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። በቻርጆቹ መካከል ያለው ኃይል በኩሎም ሕግ ይሰላል። መሳሳቡና መገፋፋቱ ሌናርድ-ጆንስ በሚባል ቀመር ይሰላል። ከዚያ ያለው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፤ ኃይሉን በክብደቱ አካፍል፣ ፍጥንጥነቱን አግኝ፣ ሞለኪውሉን ትንሽ አንቀሳቅስ፣ እንደገና አስላ።

ያ «ትንሽ» አንድ ወይም ሁለት ፌምቶ ሰከንድ ነው። አንድ ፌምቶ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፌምቶ ሰከንድ ከሆነ፣ የአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ የምትሆነውን ናኖ ሰከንድ ለማየት ኮምፒውተሩ ስሌቱን አንድ ሚሊዮን ጊዜ መደጋገም አለበት። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሲጮህ የነበረው ላፕቶፕ ይህን ሲሠራ ነበር።

ልብ በሉ፤ እስካሁን የዘረዘርነው ሕግ ሁሉ የፍሬሽማን ፊዚክስ ነው። ከባዱ ነገር ቁጥሮቹ ናቸው። −0.834 ከሰማይ አልወረደም፤ ሰዎች መርጠውታል። የመረጡትም አንዳንድ የውኃ ባሕርያትን እንዲያወጣላቸው ነው። ሌሎቹ ባሕርያት ያን ጊዜ ይበላሻሉ።

ዘጠና ዓመት የፈጀ ሥራ

ይህ ሥራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 በርናልና ፋውለር የሚባሉ ሁለት እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ስለ ውኃ ሞለኪውል ቅርጽና ቻርጅ ትልቅ ጥናት አወጡ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በጉም ምክንያት ጉዟቸው ተስተጓጉሎ ሲጠብቁ፣ ስለዚያው ጉም እያወሩ ነው ይባላል። ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ በወረቀትና በእርሳስ ነው የሠሩት። እነርሱ አሉታዊውን ቻርጅ በኦክስጅኑ ላይ አላስቀመጡትም። ከኦክስጅኑ ትንሽ ወጣ አድርገው፣ ወደ ሃይድሮጅኖቹ በኩል አስጠጉት።

ለሥራው ትልቁን በር የከፈተው ሰው ሃይደራባድ፣ ሕንድ የተወለደው አኒሱር ረሕማን ነው። አሜሪካ በሚገኘው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የ864 የአርጎን አቶሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ከፍራንክ ስቲሊንገር ጋር ሆኖ ፈሳሽ ውኃን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዘዴ አሰላ። የሞለኪውሎቹ ብዛት 216 ነበር። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በዚያ ዘመን ከነበረው ማሽን እጅግ የበለጠ አቅም አለው።

ስለ ረሕማን ስናወራ ስሙን ሰምተን ደስ ብሎን እንዳናቆም እንፈልጋለን። ከእርሱ የምንወስደው ትልቅ ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ረሕማንና ስቲሊንገር የራሳቸውን ሞዴል አስተካክለው እንደገና መጡ። የመጀመሪያው ሞዴል ከእውነተኛው ውኃ የት የት እንደሚለይ አይተው ስለነበር በሌላ ቀየሩት። በዓለም የመጀመሪያውን ሠርተው ሳለ «የእኛ ይበቃል» አላሉም። ዛሬ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በኮምፒውተር ፊዚክስ የሚሰጠው ትልቅ ሽልማት በረሕማን ስም የተሰየመ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞዴሎች ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 በኔዘርላንድስ በቤረንድሰን የሚመራው ቡድን ኤስፒሲ የተባለውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጆርገንሰንና ባልደረቦቹ ቲፕ3ፒንና ቲፕ4ፒን በአንድ ጥናት አቀረቡ። በቲፕ4ፒ ውስጥ ያለው አራተኛ ነጥብ አቶም አይደለም፤ ክብደትም የለውም። አሉታዊው ቻርጅ ከኦክስጅኑ ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ በርናልና ፋውለር ሐሳብ ተመለሱ ማለት ነው። ያ ነጥብ ከኦክስጅኑ የሚርቀው 0.15 አንግስትሮም ብቻ ነው፤ አንድ አንግስትሮም ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ ሽርፍራፊ ርቀት የተነሳ የውኃው ውስጣዊ አደረጃጀት ይቀየራል።

የወንድማችን ውኃ ለምን እንደፈጠነ የሚነግረንም ይኸው አደረጃጀት ነው። እውነተኛ የውኃ ሞለኪውል በሃይድሮጅን ቦንድ ከአራት ያህል ጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል፤ ጎረቤቶቹም ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር። ይህ መረብ ሞለኪውሉን እንደ ልቡ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። በቲፕ3ፒ ውስጥ የቅርብ ጎረቤቶቹ አሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው የሁለተኛው ረድፍ ሥርዓት ግን ጠፍቶ ሊባል ይችላል። መረቡ ላላ፤ ሞለኪውሉም ያመልጣል። የፈሳሹ ውፍረት፣ ቪስኮሲቲ የሚባለው፣ ከእውነተኛው ውኃ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ወንድማችን ከግራፉ ሥር እነዚህን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጽፎ ቢሆን ኖሮ የትኛው ፈታኝ ውጤት ይቀንስበት ነበር?

ሁሉንም የሚያሟላ የለም

«እሺ፣ ታዲያ ትክክለኛውን ሞዴል መጠቀም ነበረበት» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛው ግን የቱ ነው?

ውኃ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ጥቅጥቅ እንደሚል ሁላችንም ተምረናል። በብርድ አገር ሐይቅ ላዩ በበረዶ ሲሸፈን ከሥሩ ዓሣ የሚኖረውም በዚህና በረዶ በመንሳፈፉ ነው። ቲፕ3ፒ ይህን ባሕርይ በሚገባው ሙቀት ላይ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማድሪድ የሚሠሩት አባስካልና ቬጋ ቲፕ4ፒን እንደገና አስተካክለው፣ ይህን ነጥብ ከእውነተኛው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ የሚለይ አድርገው አወጡት። ቲፕ4ፒ/2005 ይባላል። የዲፊውዥን ፍጥነቱም ለእውነተኛው በጣም ቅርብ ነው። ነገር ግን የዚህ ሞዴል በረዶ የሚቀልጠው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አልፎ ነው! እውነተኛ በረዶ ዜሮ ላይ ይቀልጣል። የማቅለጫውን ነጥብ ለማስተካከል ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በዚያው ዓመት ለበረዶ ብቻ የሚሆን ሌላ ሞዴል ሠሩ፤ ያኛው ደግሞ በሌላ ነገር ይደክማል።

አንዱን ስታስተካክል ሌላው የሚበላሽበት ምክንያት አለ። አንድ የውኃ ሞለኪውል ብቻውን በእንፋሎት ውስጥ ሲሆንና በፈሳሽ ውስጥ በጎረቤቶቹ ተከብቦ ሲሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ጎረቤቶቹ የኤሌክትሮኖቹን ደመና ይስቡታል፤ የቻርጁ ክፍፍል ይጨምራል። ዳይፖል በሚባለው መለኪያ ብቻውን ሲሆን 1.85 ዲባይ ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ከዚያ ይበልጣል። ቀላሎቹ ሞዴሎች ግን አንድ የማይለወጥ ቻርጅ ሰጥተውት በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞራል። ለቲፕ3ፒ 2.35 ነው፤ በእንፋሎትም፣ በፈሳሽም፣ በበረዶም ያው። አንድ ልብስ ለበጋም ለክረምትም እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቤረንድሰንና ባልደረቦቹ ኤስፒሲን ሲያሻሽሉ፣ ሞለኪውሉ ያን ተጨማሪ ክፍፍል ለመያዝ የሚከፍለው ኃይል ከሒሳቡ እንደተረሳ አሳይተው አካተቱት። ሞዴሉ በአንድ እርምጃ ተሻሻለ፤ ቻርጁ ግን አሁንም የማይለወጥ ነበር።

ከዚህ ወዲህ የመጡት ሞዴሎች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የተሠራው ኤምቢ-ፖል ቁጥሮቹን ከፈሳሽ ውኃ ልኬት አያገኝም። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሞለኪውሎች ተወስደው በመካከላቸው ያለው ኃይል በኳንተም ሜካኒክስ በጥንቃቄ ይሰላል፤ ከዚያ ሞዴሉ ይገነባል። ውጤቱ ከእንፋሎት እስከ በረዶ እጅግ ጥሩ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ትልቅ ነው፤ ስሌቱ ከቲፕ3ፒ ጋር ሲነጻጸር በጣም ይከብዳል። በእኛ ላፕቶፕ ዘጠኝ መቶ ሞለኪውል ይዞ ለሁለት ሳምንት መሥራት የማይታሰብ ነው።

ቲፕ3ፒ ታዲያ ለምን አልተጣለም? ፕሮቲንና መድኃኒት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው ብዙዎቹ የስሌት ደንቦች የተቀመሩት ከእርሱ ጋር ነው። ውኃው በሌላ ሲተካ የፕሮቲኑም ሒሳብ ሊዛባ ይችላል። ቀላልና ፈጣን መሆኑም ሌላው ምክንያት ነው። ስለዚህ ግድፈቱን እያወቁ ይጠቀሙበታል፤ ፍጥነትን የሚመለከት ውጤት ሲያወጡም ውኃው ፈጣን መሆኑን ከግምት ያስገባሉ። «እያወቁ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። በእኛ ግቢ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሳያውቁ መጠቀም ነው፤ ፕሮግራሙ በቅድሚያ ያስቀመጠውን ሞዴል ዝም ብሎ ማስኬድ።

ቬጋና አባስካል እ.ኤ.አ. በ2011 ያደረጉትን እንመልከት። የታወቁትን ቀላል የውኃ ሞዴሎች ሰብስበው በብዙ ባሕርያት ፈተኗቸውና እንደ ትምህርት ቤት ካርድ ከ10 ውጤት ሰጧቸው። ቲፕ3ፒ 3 እንኳ አልሞላም። ከሁሉ የበለጠው የራሳቸው ቲፕ4ፒ/2005 ሲሆን ያገኘው 7 ከትንሽ ነው። በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሞዴል በገዛ እጃቸው አርመው 10 አልሰጡትም። የት የት እንደወደቀም አንድ በአንድ ዘርዝረው አሳተሙት። ማንም አልናቃቸውም፤ ሞዴላቸው ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

በየዓመቱ የሳይንስ ሳምንት ሲደርስ የኢብኑል ሐይሠምን ምስል ፖስተር ላይ እንለጥፋለን። ብርሃንን ማጥናቱን እንናገራለን። ብዙም የማናነሳው ሥራ ግን አለው፤ በበጥሊሞስ ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች የጻፈበት ኪታብ። የበጥሊሞስ ሞዴል የፕላኔቶችን ቦታ ለመተንበይ ያገለግል ነበር። ኢብኑል ሐይሠም በዚህ አልረካም። በሞዴሉ የተገመቱት እንቅስቃሴዎች በእውነተኛ አካላት ላይ ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ሞገተ። የተከበረ ሊቅ ስለጻፈው ብቻ አላሳለፈውም። እኛ የወንድማችንን ትክክለኛ ጥርጣሬ «ሲኒየር ነን» ብለን አስጥለን፣ በዚያው ሳምንት የኢብኑል ሐይሠምን ፖስተር ብንለጥፍ ምን ይባላል?

የሚነሱ ተቃውሞዎችን እናውቃቸዋለን። አንዱ፦ «ፈታኝ የተሳሳተ ቁጥር ካየ ውጤት ይቀንሳል፤ ጂፒኤ ደግሞ ቀልድ አይደለም።» እውነት ነው፤ ሊቀንስም ይችላል። የቤተሰቡን ተስፋ ተሸክሞ ከገጠር የመጣ ተማሪ ስለ ውጤቱ ቢጨነቅ አንፈርድበትም። ነገር ግን ቁጥርን ብቻውን ማስቀመጥና ከነምክንያቱ ማስቀመጥ ይለያያሉ። «ውጤቴ ከልኬቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ይህ የሞዴሉ የታወቀ ባሕርይ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያላወቀ መስሎ አይታይም። ከክፍሉ ሁሉ ሞዴሉን የገባው እርሱ ነው።

ሁለተኛው፦ «ግራፍ ማውጣት መዋሸት አይደለም፤ ገጽ ስለማይበቃ ሁሉም ያወጣል።» ይህም ከፊል እውነት አለው። የማያስፈልግን ማሳጠርና የሚያሳፍርን መደበቅ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ከሁሉ በፊት የምናውቀው እኛው ነን። ያን ቀን ለወንድማችን የሰጠነው ምክንያት «አያስፈልግም» የሚል አልነበረም፤ «ጥያቄ ያመጣብሃል» ነበር ያልነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያንን ጥናት ከላይብረሪ አንስቶ የሚያነብ ፍሬሽ፣ ቲፕ3ፒ ሁሉን የሚያሟላ መስሎት በዚያው ጉድጓድ ይወድቃል። ዒልም አማና ነው ስንል ይህንንም ይጨምራል፤ ከኋላ ለሚመጣው ጉድጓዱን ማሳየት።

ሦስተኛው ቅሬታ ከባድ ነው፦ «ላብ የለንም፣ ኬሚካል የለንም፣ መሣሪያው ተበላሽቷል፤ ምን እንሥራ?» የቅሬታውን እውነትነት ሁላችንም እናውቃለን። ግን በዚህ መስክ በሩ ከሌላው ይልቅ ክፍት ነው። ግሮማክስና ላምፕስን የመሳሰሉ በዓለም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ስሌቱ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ረሕማን በ216 ሞለኪውል የሠራውን አንድ ተራ ላፕቶፕ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። ባለን ነገር ከሠራነው ሥራ ላይ ትክክለኛውን ገጽ እየቀደድን ስለሌለን መሣሪያ ብቻ ብናማርር ግን ያምርብናል?

ስለዚህ በዚህ ዓመት ፕሮጀክት ለያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች የምንጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙን ከማስኬዳችሁ በፊት የሞዴላችሁን ስም፣ የወጣበትን ዓመትና የትኛውን ባሕርይ እንዲያወጣ ታስቦ እንደተሠራ በግማሽ ገጽ ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ ገና አላወቃችሁትም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ራሳችሁ ጥያቄ ከመግባታችሁ በፊት ሞዴሉን በሚታወቅ ነገር ፈትኑት። ለውኃ ከሆነ እፍጋቱንና ዲፊውዥኑን አስሉ፤ ከልኬቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላችኋል።

ሦስተኛ፣ ያልገጠመውን ቁጥር አታውጡት። መጀመሪያ የራሳችሁ ስህተት መሆኑን አጣሩ። ካልሆነ ሌሎች ይህን አይተው እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ ከነምክንያቱ አስቀምጡት። ምክንያቱን ካላገኛችሁት ደግሞ «አላገኘሁትም» ብላችሁ ጻፉ። «አላውቅም» ማለት በዑለሞቻችን ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ከእኛም በኩል ቃል እንገባለን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ጁምዓ ከዓስር ሶላት በኋላ በሚደረገው የጥናት ሰዓት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት «ያልገጠመ ቁጥር» የሚቀርብበት ይሆናል። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የምሕንድስና፣ የሕክምናም ተማሪ ግራ የገባውን ውጤት ይዞ ይምጣ። ማንም ማንንም «አውጣው» አይልም። እኛ ሲኒየሮችም የማናውቀውን ስንጠየቅ ምክር ከመስጠታችን በፊት ለማንበብ ጊዜ እንጠይቃለን። ባለፈው ዓመት ያጎደልነው ይህን ነበር።

የመጀመሪያው ጁምዓ አቅራቢም ተይዟል። ተመርቆ የሄደው ወንድማችን በስልክ ይገባል፤ ያቺን ያስጣልነውን ግራፍ አሁንም ላፕቶፑ ላይ አስቀምጧታል። በዚያ ቀን ከነምክንያቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትታያለች፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ ያወቅነውንም በሐቅ የምናደርስ ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!